ጥርሴ የነጣበት ወር

መልካችሁን ለማሳመር ሐኪም ቤት ለመሄድ የምታስቡ እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው ልከለክላችሁ ብዬ አይደለም። እኔም አስቤ ሄጃለሁ፤ ማማርን መውደድ ነውር የለውም። ግን ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ምን ማየትና ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እኔ በመንጋጋዬ ስለተማርኩት፣ እናንተ በወሬ ብትማሩት ይሻላል ብዬ ነው። ከወሬ ሌላ ሙያ የለኝም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ለአቅመ ሔዋን ከደረስኩ በኋላ፣ ካምፓችን መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። የቀረውን ከተቀዳደደ ጋዜጣና ሰዎች ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ከሚጽፉት ማስታወሻ ለቃቅሜ ሞላሁት።

የተወለድኩት ከናዝሬት ወጣ ብሎ፣ ሸንኮራ አገዳ መሀል ነው። አባቴ አገዳ ሊቆርጥ ከከምባታ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። በእኛ በኩል፣ ከቆቃ እስከ ወለንጪቲ፣ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ነው። አንዳንዱ ሻይ ይመስላል፣ አንዳንዱ ዝገት፤ የእኔ ነጠብጣብ ነበረው። ካምፕ ውስጥ ሳለሁ ማንም ስለ ጥርሴ አንስቶብኝ አያውቅም፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነን። ጥርስ እንዳለኝ ያወቅሁት ናዝሬት ገብቼ ፎቶ ቤት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው።

«እህት፣ ይሄ ከጫት ነው ከትምባሆ?» አለኝ አንድ ቀን ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የመጣ ወታደር።

«ከውሃ ነው» አልኩት።

«እኛ የጠጣነው እንግዲህ ምን ነበር?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ።

ባለ ፎቶ ቤቱ ደግ ሰው ነበር። ፎቶ ከመታተሙ በፊት ፊልሙን መስታወት ላይ ዘርግቶ በቀጭን እርሳስ የሰው ፊት ያስተካክላል። ፊልሙ ላይ ያጠቆረው ነገር ሲታተም ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንድ ጊዜ ሥራ ፈትተን ስንውል እኔን አነሣኝና ጥርሴን አንድ በአንድ በእርሳሱ ነካ ነካ አደረገው። ፎቶው ከውሃው ውስጥ ቀስ እያለ ሲመጣ መጀመሪያ ፀጉሬ፣ ቀጥሎ ዓይኔ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ሳቅ ብቅ አለ። ጨለማው ክፍል ውስጥ በቀዩ መብራት ቆሜ ሳያት ቆየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን መሆን አማረኝ።

አባቴ አበልጅ ነበረው፤ ጋሼ ታፈሰ ይባላሉ። ባለቤታቸው እትዬ አረጋሽ ታናሽ እህቴን አልማዝን ክርስትና ያነሡ ናቸው። እናታችን ከሞተች ወዲህ አልማዝ እናት ብላ የምታውቀው እሳቸውን ነው ብል አላጋነንኩም። ጋሼ ታፈሰ ለብዙ ዓመት ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ይዘው ጥርስ መንቀል ጀመሩ። ኋላ ደግሞ ጥርስ የሚያነጣ መድኃኒት አገኙ። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላቸዋል። እሳቸውም እሺም እንቢም ሳይሉ ፈገግ ይላሉ።

ቤታቸውን ብታዩት እናንተም ታምኑ ነበር። መጋረጃው የተተኮሰ ነው። ጠረጴዛው ላይ በብርጭቆ ውስጥ የሰማይ መልክ ያለው ሰማያዊ ፈሳሽ አለ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል። ገና ከበሩ የመድኃኒቱ ጠረን አፍንጫ ይሰረስራል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የሐኪም ቤት ንጽሕና የሚለካው በአፍንጫ ነው። ዓይን እስኪያስለቅስ ከሸተተ «ይሄስ ንጹሕ ነው» ይባላል።

እኔ በሄድኩበት ቀን አራተኛ ነበርኩ። ሁለተኛው ሰው ወንበሩ ላይ እንዳለ መብራት ሄደ።

«ቆቃ እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆኖ እኛ በጨለማ!» አለች ከጎኔ የተቀመጠች ሴት።

«ግድቡ የእኛ፣ መብራቱ የአዲስ አበባ» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቀ።

ጋሼ ታፈሰም ስቀው መስኮቱን ከፈቱና ሥራቸውን ቀጠሉ። መርፌ የሚቀቀልባት የኤሌክትሪክ ሣጥን ጥግ ላይ ቀዝቅዛ ተቀምጣለች። በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር አየሁ። ከሁለተኛው ሰው ድድ ያወጡትን መርፌ በአልኮል ጥጥ ጠረግ አድርገው ሰማያዊው ፈሳሽ ውስጥ ነከሩት፤ ሦስተኛዋ ስትገባ እሱኑ አወጡት። ከእሷም በኋላ እንዲሁ። ተራዬ ደረሰ።

መርፌው አላማረኝም። ግን የአባቴን አበልጅ «መርፌው ተቀቅሏል ወይ?» ብዬ ልጠይቅ? እሳቸው ልጄ እያሉኝ፣ ከሌላው ሰው አስቀድመው ስለ አባቴ ጤና እየጠየቁኝ? አፌ የት ችሎ! ወንበሩ ላይ ወጣሁና ከፈትኩት።

ድዴን ወጉኝ። ፊቴ ከእኔ የራቀ ዕቃ መሰለ። ከዚያ በጥጥ እየነከሩ አንድ እንደ መኪና ባትሪ የሚሸት ነገር ጥርሴን ቀቡት፤ በትንሽ ሞረድ ፈገፈጉት፤ ደግመው ቀቡት። መስታወት ሲሰጡኝ እዚያ ውስጥ ያች የፎቶዋ ሴት ነበረች።

በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ በወተት የታጠበ ይመስለኝ ነበር። ጋሪው፣ ጃካራንዳው፣ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ስኳር ለመግዛት የተሰለፈው ሰው፣ ሁሉ ያበራል። ያለ ምክንያት እስቃለሁ። አልማዝ ከካምፕ መጥታ አገጬን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችኝና፣ «ዘኔ፣ አንቺ ነሽ?» አለች። አብረዋት የመጡት እትዬ አረጋሽም ወዲያው፣ «ለክርስትና ልጄም ለትምህርት ቤት መዝጊያ ጋሼሽ ይሠሩላታል፤ የእኔ ስጦታ ነው» አሉ። አልማዝ ዘላ አቀፈቻቸው።

በአራተኛው ቀን ግራ መንጋጋዬ ሥር ሙቀት ተሰማኝ፤ ትንሽ ፍም የተቀበረ ያህል። ዝም አልኩ። የሚያየኝ ሁሉ «የት አሠራሽው?» ሲለኝ «ጋሼ ታፈሰ ጋ» እያልኩ ስንቱን ልኬያለሁ! አሞኛል ብል ምን ሊባሉ ነው? በግራ በኩል እያመመኝ በቀኝ በኩል እየሳቅሁ አንድ ሳምንት አለፈ።

አከራዬ እትዬ ሙሉ እብጠቱን ሲያዩ «ምች ነው፤ ቀትር ላይ ፎቶ ቤት በር ቆመሽ ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ፣ ፊቴንም አሹልኝ። ሲብስብኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሠራተኛ እብጠቱን በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ «ጆሮ ደግፍ ነው፤ በራሱ ይጠፋል» አለና ኪኒን ሰጠኝ። ስለ ጥርሴ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ሐኪም ካልጠየቀው አይናገርም። ይህን ስታነቡ ግን እባካችሁ እናንተ ተናገሩ። ያኔውኑ ብናገር ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር።

ጋሼ ታፈሰም ጋ ተመለስኩ። «መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ አይዞሽ» ብለው አንድ መርፌ ጨመሩልኝ። ከዚያው ከሰማያዊው።

በሦስተኛው ጠዋት ስነቃ አፌ አልከፈት አለ። በጣቴ ብሞክር፣ በማንኪያ ብሞክር፣ ጥርሶቼ እንደ ተዘጋ በር ተገጣጥመዋል። እትዬ ሙሉ ሲያዩኝ ጮኹና ጋሪ ጠርተው ሆስፒታል ወሰዱኝ። ጋሪው ሲንገጫገጭ ሕመሙ በጆሮዬ ይወጣ ነበር። የአገዳ ቃጠሎ ጢስ ከሩቅ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፤ ጥቁር አመድ እንደ በረዶ እየተንሳፈፈ ልብሴ ላይ ያርፋል። የሞትኩ መሰለኝ፤ ግን እምብዛም አላስፈራኝም። ትኩሳቱ ሁሉን ነገር ለስላሳ አድርጎት ነበር።

ተመላላሽ ሕሙማን የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥን። ሕፃን የታቀፈች አንዲት የማላውቃት ሴት ራሴን ትከሻዋ ላይ እንዳሳርፍ በእጇ ጠራችኝ። ስሟን አላወቅሁም። እስከ ዛሬ ትከሻዋን አስታውሳለሁ።

የመጀመሪያው ሐኪም «መንጋጋ ቆልፍ» አለ። በቁስል የሚገባ፣ ሰውነትን እንደ እንጨት አድርቆ የሚገድል በሽታ ነው። ጭምጭምታ እንዳይሰማበት፣ ብርሃን እንዳይገባበት የተደረገ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አስተኙኝ። እዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ትልቅ ነጭ ሐይቅ ዳር ስሄድ ዋልኩ። ዳርቻው ጨው ይመስለኝና ጎንበስ ስል ጥርስ ነው፤ ሚሊዮን ጥርስ፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም የእኔ። ከውሃው ማዶ አልማዝ ትጠራኛለች። ልመልስላት ስሞክር አፌ የለም።

በነጋታው ሌላ ሐኪም መጣ። አገጬ ሥር ዳሰሰ፣ አንገቴን አዟዟረ፣ እግሬን አጠፈና ዘረጋ። «ይሄ መንጋጋ ቆልፍ አይደለም። መግል ይዟል፤ ጡንቻው ያበጠው በእሱ ነው» አለ። ማክሰኞ ዕለት ከመንጋጋዬ ሥር ከፈቱኝ። የወጣውን አልነግራችሁም። ስነቃ አንገቴ ታሽጓል፣ ከፋሻው ውስጥ ቀጭን ጎማ ወጥቷል፣ አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ እግራቸው በገመድ ተሰቅሎ አፍጥጠው ያዩኛል።

«ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። ምን ሆንሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

«መናገር አትችልም፣ አዴ ቡልቱ» አለቻቸው ነርሷ፣ ሲስተር ዘውዴ።

«እንግዲያው ለሁለታችንም እኔ አወራለሁ!»

አወሩም። ከቡልቡላ ናቸው፤ እህል ነጋዴ፤ ከጭነት መኪና ላይ ወድቀው ነው። ጥርሳቸው ከእኔ የድሮው የባሰ ነው፤ ጥቁር ቡናማ። ሲስቁ ግን ክፍሉ ሙሉ ይስቃል። ሲመሽና ፍርሃቴ ሲመጣ ገና ሳልንቀሳቀስ ያውቁብኝና ስለ አቢጃታ ወፎች ይነግሩኛል፤ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ላይ ሲያርፉ አንድ ሰው ሮዝ ሻሽ ያሰጣ ይመስላል፣ ሲነሡ ደግሞ ሻሹ ራሱ ይበራል ይላሉ። በዚያ ድምፅ ላይ ተንሳፍፌ እተኛለሁ። አንድ ቀን በመሀል ቆም አሉና፣ «ለመሆኑ ጥርስሽ እንዲህ የነጣው በረኪና ጠጥተሽ ነው?» አሉኝ። መሳቅ ስለማልችል እንባዬ ወረደ።

ረቡዕ አልማዝ ልትጠይቀኝ መጣች። ከትምህርት ቤት ተለቃለች፤ ክርስትና እናቷ ቤት ሰንብታለች።

«ጋሼ ታፈሰ መንጋጋ ቆልፍ መሆኑን ሲሰሙ እንዴት እንዳዘኑ!» አለች እጄን እያሻሸች። «ምሥጢር ልንገርሽ? ቅዳሜ የእኔ ተራ ነው። አባባም ሊያየኝ ይመጣል። ስትወጪ ሁለታችንም ነጭ ሆነን አብረን ፎቶ እንነሣለን።»

የዚያን ጊዜ ገና የሕመሜን መነሻ ማንም አልነገረኝም። ግን ሰማያዊው ፈሳሽ በዓይኔ መጣ። ራሴን ነቀነቅሁ። እጇን ጨበጥኳት። «አመመሽ? ልጥራልሽ?» ብላ ተነሣች፤ ወዲያው የጠያቂ ሰዓት አለቀ ተባለና ስማኝ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ዘውዴ ቁስሌን እያጠበች ጠየቀችኝ። ቀጭን፣ ቁጡ የምትመስል፣ እጇ ግን እንደ ጥጥ የሆነ ሴት ነበረች።

«አዎ ከሆነ እጄን ጨብጪ። ጥርስሽን ስትሠሪ ድድሽን ወግተውሻል?»

ጨበጥኩ።

«መርፌው ሲቀቀል አይተሻል?»

አልጨበጥኩም።

«ካንቺ በፊት የተወጉ ሰዎች ነበሩ? በዚያው መርፌ?»

ጨበጥኩ፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ።

«ይኸው ነው» አለች። «ያንዱ ሰው አፍ ውስጥ ያለ ተሐዋሲ ወደ ሌላው ይሻገራል። አልኮል የነካው ጥጥ አይገድለውም፤ ቀለም ያለው ውሃም አይገድለውም። መርፌ ከሚንተከተክ ውሃ ውስጥ በመቆንጠጫ ሲወጣ ካላየሽ አትወጊ። በአንድ ሰውና በሌላው መሀል እጁን ካልታጠበ ተነሺና ሂጂ። የሚቀባሽ ነገር ስሙ ምንድን ነው በይው፤ ስሙን የማይነግርሽ ሰው አይንካሽ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፈቃድ ነበር?»

አዎ ብዬ ልጨብጥ ስል ተውኩት። ያ ወረቀት በሐሳቤ መጣ። ማኅተሙን ብቻ ነበር ያየሁት፤ ማንበብ እየቻልኩ አላነበብኩትም። አሁን ግን፣ ሕልም ውስጥ ጽሑፍ እንደሚነበበው፣ ቃሉ ቀስ እያለ መጣልኝ። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስላደረጉት ትብብር የተሰጠ የምስጋና ወረቀት ነበር።

«ደግሞ» አለች ሲስተር ዘውዴ ፋሻውን እየቋጠረች፣ «የጥርሳችሁ መልክ ቆሻሻ አይደለም። ጥርሱ ሲሠራ ከውሃው ገብቶ አብሮ የተሠራ ነው። በአሲድ ሲፋቅ የሚሄደው መልኩ ብቻ አይደለም፤ ጥርሱም ነው።»

እስክሪብቶ ለመንኳት፤ በአየር ላይ እየጻፍኩ። ወረቀት ሰጠችኝ። «እኔ ለጤና ቢሮ አመለክታለሁ፤ ግን እስከ ቅዳሜ የሚደርስልሽ አይመስለኝም። አንቺ ለቤትሽ ጻፊ» አለች።

ለአልማዝ ብጽፍ ደብዳቤው ጋሼ ታፈሰ ቤት ገብቶ እጃቸው ላይ ሊወድቅ ነው። ስለዚህ ለአባቴ ጻፍኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ነው፤ ከቀትር እስከ ማታ ፈጀብኝ።

«አባባ፣ ተሽሎኛል፣ አታስብ። ሕመሜ መንጋጋ ቆልፍ አይደለም። ጋሼ ታፈሰ ድዴን ከወጉበት መርፌ የመጣ ነው። መርፌው አልተቀቀለም። ካንዱ ሰው አውጥተው ሌላውን ሲወጉ አይቻለሁ። አይቼ ዝም ብያለሁ። አልማዝ ቅዳሜ እዚያ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ። አበልጅህ ናቸው፤ በእሳቸው ላይ ስለተናገርኩ ይቅር በለኝ። ልጅህ ዘነበች።»

ሲስተር ዘውዴ በቁስል ፕላስተር አሸገችልኝ። እትዬ ሙሉ አርብ አርብ ሸቀጥ ይዘው ካምፕ ይሄዳሉ፤ እሳቸው ወሰዱት። ማንበብ አይችሉም። አባቴም አይችልም፤ መሠረተ ትምህርቱ የሌሊት ፈረቃ ላይ ሳለ አለፈው። ግን ካምፑ ሙሉ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ ከጎረቤት አንዱ ያነብለታል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ፀሐይ ስትወጣ ነቃሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ቆጠርኩ። አሁን አባቴ ከአውቶቡስ ወረደ። አሁን በሩን አንኳኳ። አሁን አልማዝን በእጇ ይዞ ወጣ። ወይም አሁን አልማዝ አፏን ከፈተች። አዴ ቡልቱ ስለ ወፎቹ ሊነግሩኝ ቢሞክሩም ልቤ አልያዘልኝም።

በየቀኑ መንጋጋዬን የማለማምደው በስስ እንጨት ነበር፤ ሐኪም ምላስ የሚጫንበት ዓይነት። ሲስተር ዘውዴ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ ጥርሶቼ መሀል ታስገባለች፤ ያን ጠዋት ስምንተኛው ገባ። የአንድ ጣት ስፋት ማለት ነው። በኋላ፣ ብዙ ወር ፈጅቶም ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፤ እንጀራም ሥጋም አኝካለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ግን እስከ ዛሬ ጥርሴን ያንዘረዝረዋል፤ ሁለት ጥርሶቼም በጎን ተሰብረዋል። ሌላው ጠባሳ ነው፤ አንገቴ ሥር ይታያል፤ አልሸፍነውም።

በጠያቂ ሰዓት ሦስቱም አብረው ገቡ፤ አባቴ፣ አልማዝና ጋሼ ታፈሰ። መጀመሪያ ያየሁት የእህቴን አፍ ነው። እያለቀሰች ትስቃለች፤ ጥርሷ እንደ ነበረ፣ ቡናማ።

«ዛሬ አልሠሩልኝም» አለችኝ አኩርፋ። «ገርጥተሽብኛል፣ የሚመጣው ቅዳሜ ነይ አሉኝ።»

አባቴ ራሴን ሳመኝ። ባርኔጣውን አውልቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ደብዳቤዬን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ብዙ ጊዜ ተጣጥፏል። «ልጄ ስትጽፍ ለማየት በቃሁ» አለ። «የልጄን ገመና ለጎረቤት አላስነብብም ብዬ እዚህ ድረስ ይዤው መጣሁ። ጠዋት አበልጄ አነበበልኝ።»

ጋሼ ታፈሰን አየሁ። ወለሉን ያያሉ።

«‹ተሽሎኛል፣ አታስብ› ብለሻል አለኝ» አለ አባቴ። ወረቀቱን ዘርግቶ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ሄደበት። «ደስ አለኝ። ግን መንገድ ላይ ነገሩ ከነከነኝ። ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ንባቡ ግን አንድ ትንፋሽ። እስቲ አንቺው አንብቢልኝ።»

«አፏ ገና ነው እኮ፣ አበልጅ» አሉ ጋሼ ታፈሰ። «አታድክማት።»

መድከምስ ደክሞኛል። አልማዝ ድናለች፤ ቢያንስ ለዛሬ። ዝም ብል አበልጅነቱ እንዳለ ይቀጥላል፣ እትዬ አረጋሽም እናቷ ሆነው ይቀጥላሉ። የሚመጣው ቅዳሜ ግን ይመጣል። ወረቀቱን ተቀበልኩት። በአንድ ጣት በተከፈተ አፍ፣ ቃሉ በጥርሴ መሀል እየተሰነጠቀ፣ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። «መርፌው አልተቀቀለም» የሚለው ላይ ስደርስ አልማዝ አፏን በእጇ ያዘች። አዴ ቡልቱ በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

ስጨርስ አባቴ ወደ አበልጁ ዞረ።

«እውነት ነው?» አለ።

«እውነት ነው፣ አበልጅ» አሉ ጋሼ ታፈሰ። ድምፃቸው የሌላ ሰው መሰለኝ። «አላወቅሁም ነበር። ፈሳሹ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ደብዳቤውን ሳየው ነው… ያፈርኩት። ግን ልጅህን አልነካኋትም። መልሻታለሁ።»

አባቴ አገዳ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ ቃል አያበዛም። ቀና ብሎ አያቸው።

«እሷን መለስክ» አለ። «ከእሷ ጋር ወረፋ የያዙትስ?»

ጋሼ ታፈሰ ወደ በሩ ዞር አሉ።

«አበልጅ። ደብዳቤውን ካነበብክ በኋላ ስንት ሰው ሠራህ?»

«ሦስት» አሉ። «ከሩቅ የመጡ ነበሩ።»

«በዚያው መርፌ?»

ጋሼ ታፈሰ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ጋሪ ቃጭሉን እያንቃጨለ አለፈ።

«የማን ልጆች ናቸው?» አለ አባቴ ቀስ ብሎ። ከዚያ ተነሥቶ ባርኔጣቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ሰጣቸው። «አውቶቡሳቸው ሳይነሣ ሂድና አምጣቸው።»

ጋሼ ታፈሰ እንደ ልጅ ተቀብለው ወጡ፤ በኮሪደሩ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በሩጫ ሲሄዱ ኮቴያቸውን ሰማነው። በሩ ላይ ቆማ የሰማችው ሲስተር ዘውዴ ለሚመጡት ሰዎች መቀቀያውን ምድጃ ላይ ጣደች። የጠያቂ ሰዓት ሲያልቅ ማንም አባቴን ውጣ አላለውም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተመለሱ። ሸሚዛቸው በላብ ረጥቧል። ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ሕፃን ያዘለች እናትና አንዲት አልማዝን የምታክል ልጅ ነበሩ። ሽማግሌው «ምን አጠፋን?» እያሉ ይጠይቃሉ። ልጅቱ ግን ለምን እንደመጣች ገና አልገባትም። በሩ ላይ ቆማ ለሁላችንም ፈገግ አለችልን። ጥርሷ ወተት ይመስላል።